የድልድዩ እግር

ክረምቱ ከፍቷል። እህሉ ከጎተራ አልቋል፣ ወንዙም ከሞላ ወር አልፎታል። በሙአለ ሕፃናቱ መምህርቷ ልጆቹን በአሸዋ ሳጥን ላይ የስንጥር ድልድይ ታሠራለች። ሽማግሌው ዘበኛ በር ላይ ቆመው ያያሉ። የወንዙን ድልድይ ከስድስት ዓመት በፊት የሠሩት እሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት መምህርቷ ከልጇ ጋር ስትሻገር ተናደ፤ ልጅቷን ውሃ ወሰዳት። ሰው ሁሉ ደራሹን ጎርፍ ረገመ። ነገ መንደሩ እህል ለማምጣት ድልድዩን በድሮው ልክ መልሶ ሊሠራ ነው።

ልጆቹ በጆግ ውሃ ለቀቁ። አንዱ ድልድይ ተገነደሰ።

"ቲቸር፣ እግሩ ትንሽ ነው የተቀበረው" አለች ብሩክታዊት።

"ጎርፍ ሲበረታ ምንም አይችለውም። የአባባም ድልድይ ጠንካራ ነበር" አለች መምህርቷ ወደ ዘበኛው እያየች።

"አልነበረም" አሉ ሽማግሌው። "ስሠራው ማግስቱ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። በበዓል መሬት አይቆፈርም ብዬ ቸኮልኩ። እስከ ወገብ የሚቀበረውን ግንድ እስከ ጉልበት ቀበርኩት። ነገም እንደዚያ እንዳይሠሩት። ጥፋቱ የጎርፉ አይደለም፣ የኔ ነው።"

መምህርቷ ከትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እኔኮ የልጄን እጅ ለቅቄ የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት" አለች። "ባልለቃት ኖሮስ?"

"ግንዱ ከሥሩ ነው የተነቀለው። ባትለቂያት ሁለታችሁም ትሄዱ ነበር" አሉ ሽማግሌው፣ ስድስት ዓመት የሸሹትን ዓይኗን እያዩ።