ሚልዮን ድልድዩን ይሻገራል?

የነገረችኝ ጎረቤቴ ለምለም ናት፤ እኔ ከራሴ የጨመርኩት የለም። ተከራይዋ ሚልዮን በሞባይሉ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ኳስ ላይ ይቆምራል አሉ። "ይሄ ኮሌጅ ያሸንፋል" ብሎ ውርርድ የሚገዛ ሰው ሲበዛ፣ ከመቶ ይህን ያህል ያሸንፋል የሚለው ቁጥር ይወጣል፣ ሲያንስ ይወርዳል።

"ቁጥሩ ሰው በሆዱ የሚያስበውን ነው የሚያወጣው፤ ወላሂ ብዙም አይስትም" አለችኝ ለምለም።

ዛሬ ልጁ ከካርቱም ሰፈራችን ከሳጃና ወጥቶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ማዶ ባለችው በባሕሪ አድርጎ ወደ ግብፅ ሊሄድ ነውና ከለምለም ጋር ልንሸኘው ገባን። እኔማ ያንን ጉድ ለማየትም ነው። ሞባይሉን ሲያሳየን ከኮሌጆቹ ስም ሥር በአማርኛ ተጽፎ አገኘነው። ለምለም አነበበችልኝ፦ "ሚልዮን ድልድዩን ይሻገራል? አዎ፣ ከመቶ ሠላሳ።"

"አንተ ቀልደኛ! ራስህ ነህ የጻፍከው" አልኩት።

"እማማ፣ በማርያም እኔ አይደለሁም" አለኝ።

ጎረቤታችን ሙላቷ ገባች፣ ሻንጣውን አየችና "ውይ፣ ልጄን!" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ቁጥሩ ሃያ ሆነ። ለምለም አንገቷን ደፋች፤ አስር ሆነ። እኔም ሳላስበው በዚያ ድልድይ ወጥተው የቀሩት ልጆች ትዝ አሉኝ። ቁጥሩ ሦስት ሆነ።

"ማነው የሚያወርደው? ማነው እዚያ ውስጥ ያለው?" እያልን ስንንጫጫ፣ በሩ ላይ የቆመችው ጓደኛዬ ሐመልማል ጮኸችብን።

"እዚያ ውስጥ ማንን ትፈልጋላችሁ? ልትሸኙት መጥታችሁ፣ እስቲ ከመሃላችሁ 'በሰላም ግባ' ያለው ማነው?"

ሁላችንም ዓይናችንን ከሞባይሉ አንስተን ልጁን አየነው።