የላይኛው ቤት ውሃ

ዝናቡ ከሸሸ ወዲህ በደሴ ዳገት ላይ ያለ ቤት ሁሉ የእጥበት ውሃው ቁልቁል ወደ ጎረቤቱ ጓሮ ወርዶ አትክልቱን ያጠጣል። ስለዚህ ከእንዶድ ሳሙና በቀር ሌላ ማጠቢያ መግዛት ክልክል ነው። ሶልያና ግን ለእህቷ ሠርግ ነጠላዋ እንዲነጣላት ብላ በድብቅ በረኪና ገዛች።

በሳምንቱ ከታች የሚኖሩት፣ ለሶልያና ልጅ ከጓሯቸው ጎመን የሚልኩት እትዬ ቤዛዊት የጠወለገ ጎመን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ጓሮዬ እንዳለ ደረቀ። እርጅና ነው መሰል፣ የሚመጣልኝን ውሃ እንኳ በወጉ ማጠጣት አቃተኝ።»

ሶልያና ጥፋቷን ልትደብቅ ነበር፤ ግን የጠወለገውን ጎመን ስታይ አልቻለችም።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በበረኪና አጥቤ ውሃውን ለቀቅሁት።»

 የእትዬ ቤዛዊት ፊት አመድ መሰለ።

«በዚህ ሳምንት ሳይጠወልግ ቆርጬ የላክሁልሽን ጎመን» አሉ፣ «ለልጅሽ ሰጠሽው?»