የመቀርቀሪያው ቡሎኖች

እናት በጣቷ ስትነካው የበሩ መቀርቀሪያ ተወዘወዘ። ከአምስቱ ቡሎኖች የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ይህን ያየችው የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል፣ መንገዱ ጭር ካለ በኋላ ነው። ጦርነቱ የሐይቅ ከተማን መብራት ካጠፋ ወር አልፎታል፤ ሌሊቱን የምትተማመነው በዚህ በር ነበር።

"ሀኒያ፣ ቡሎኖቹን የት አደረግሻቸው?"

"ሥራ ላይ ናቸው እማ" አለች ከጓሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ ቤት የተመለሰችው ልጇ።

እናት ወደ ጓሮ ዞረች። ከአሮጌ ትሪ የተቆረጡ ሁለት ብረቶች በሁለት ጣውላ መካከል በአራቱ ቡሎኖች ተጠፍረዋል። በመካከላቸው የአመድ ውሃ አለ፤ ቀን ከሞላው የሶላር ባትሪ ሽቦ ገብቶላቸዋል። ከጣውላው የወጣው ቱቦ ጫፍ የሳሙና ውሃ ውስጥ ገብቶ አረፋ ነፋ። ሀኒያ በክብሪት ስትነካው ጧ አለ።

"ያረቢ፣ ቤቱን ልታነጂው ነው።"

"ሃይድሮጅን ነው፤ ከውሃ የወጣ ነዳጅ። አንድ ቀን ወጥ ትሠሪበታለሽ።"

"እስከዚያ ያለ በር እንደር? በሙጫ አጣብቀሽው ከሆነ አለቀልን።"

"ሙጫማ አልነካውም። በሙጫ የተሠራ ሲበላሽ ይጣላል። የእኔ ይፈታል፤ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል።"

እናት አላመነችም። በዚያ ዓመት ከቤቷ ወጥቶ የተመለሰ ዕቃ አታውቅም። ሀኒያ ግን ሽቦውን ነቅላ በፒንሳ ፈታችው፤ ብረቶቹን አጠበች፤ ቡሎኖቹን በሻርፗ ጫፍ አድርቃ አንድ በአንድ በእናቷ መዳፍ ላይ አኖረች። የአንዱም ጥርስ አልተበላም። እናት ለብ ያሉትን ቡሎኖች ቆጥራ ለልጇ መለሰችላት።

ሀኒያ መቀርቀሪያውን መልሳ አጠበቀች።

"ጠዋት በሩ ሲከፈት ውሰጃቸው" አለች እናት። "ሥራሽን ጎረቤትም ይየው። መግሪብ ሳይደርስ ግን መልሺ።"

ከዚያ መቀርቀሪያውን ገፍታ በሩን ቆለፈች።