አብሹ ተጣበቀ

ተመራማሪዋ ከአብሽ የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር የደም ስኳርን ከሚቆጣጠር የሰው ፕሮቲን ጋር በኮምፒውተር ሙከራ ላይ ልክክ ብሎ ሲጣበቅ ስታይ፣ ስኳር ላለበት አባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ተጣበቀ!»

ገና ስሌት እንደሆነ፣ ሰው ላይ እንዳልተሞከረ ልትነግረው ስትል «ልጄ የስኳር መድኃኒት አገኘች!» እያለ ስልኩን ዘጋባት። ሥራ ነበረባትና መልሳ አልደወለችም።

በሳምንቱ ከሠፈር «ቶሎ ሆስፒታል ድረሺ» የሚል ስልክ መጣ። አባቷ ክኒኑን ጥሎ አብሽ ሲጠጣ እየታያት በሩጫ ደረሰች። እሱ ግን ኮሪደሩ ላይ በእግሩ ቆሟል።

«ሻሽቱ ናት» ብሎ የጎረቤታቸውን ስም ጠራ። «የስኳር መርፌዋን ትታ አብሽ ብቻ ስትጠጣ ሰንብታ ራሷን ሳተች። ሐኪሙ ተስፋ የላትም አለ።»

«መርፌሽን ተዪ ያላት ማነው?»

«እኔ ነኛ! በልጄ አልኮራም እንዴ?»

በክፍሉ በር መስታወት ወደ ውስጥ አየች። የሻሽቱ ልጆች የእናታቸውን እግር ይዘው ቆመዋል። እሷ ልታደርግ የምትችለው አንድም ነገር አልነበረም።

«አንተስ፣ አባዬ? ክኒንህን ካቋረጥክ ስንት ቀን ሆነህ?»

አባቷ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔማ አንድም ቀን አላቋረጥኩ። ኮምፒውተር ይታመናል እንዴ?»