ያልተመለሰው ሳህን

በመጨረሻ፣ በር ጀርባ የተደበቀችው ራሷ እናትየው ናት፣ ታምናላችሁ? ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ!

እናትና ልጅ ስዊድን የገቡ ሰሞን፣ እናትየው ኮባ ስላጣች በጎመን ቅጠል ድፎ ዳቦ ጋገረችና ፊት ለፊት ለምትኖረው አሮጊት፣ ለጉኒላ፣ በሳህን ይዛላት ሄደች። ጉኒላ ተቀበለችና በሯን ዘጋች። በቃ! ሳህኑም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ብቅ ሲሉ ገርበብ ያለው የጉኒላ በር ክርችም ይላል።

"ትሰልለናለች እኮ! ሳህኔንም ዋጠችው!" ትላለች እናትየው።

"እማዬ፣ እዚህ አገር ሰው ጎረቤቱ እስኪያልፍ ጠብቆ ነው የሚወጣው። ነውር አይደለም።"

"ጅብ ነኝ እንዴ የምትሸሸኝ?"

ግን ዓመት ሳይሞላ እሷም ለመደችው! ከመውጣቷ በፊት ጆሮዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች፤ ኮቴ ከሰማች ንቅንቅ የለም።

ትናንት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የፊት ለፊቱ በር ሲከፈት ሰምተዋል፤ ጉኒላ ናት። እናትየው የልጇን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

"ዝም በይ! ምን ብላ ልትከሰን መጣች ደግሞ? ስትሄድ እንወጣለን።"

ልጅቷ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀች። ጉኒላ ሊፕስቲኳን ተቀብታ፣ ያንን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሳህኑ ላይ በጎመን ቅጠል የተጋገረ፣ ግማሹ ያረረ ድፎ አለ።

"እማዬ፣ ሳህንሽን..."

"ዝም አልኩሽ!"

ጉኒላ ሳህኑን እንደያዘች ወደ በሯ መዞር ጀመረች። እናትየው የልጇን ክንድ አልለቀቀችም።

እናንተ ልጅቷን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?