የቬልማ ማሞቂያ አልነድ ያለ ሰሞን

አርፋችሁ ተቀመጡ። አንቺ ኮሪን፣ ስልክሽን አስቀምጪና ጻፊ። እንደምነግርሽ ጻፊ እንጂ አታሳምሪው።

ያኔ ሞንታና ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ያለውን የተጎታች ቤቶች ሰፈር የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ጥቅምት ገብቷል፤ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። መንገደኛው ሁሉ ሙቀት ፍለጋ ወደ ደቡብ ወርዶ ጥቂት ሰው ብቻ ቀርቷል። አንዷ ቬልማ ናት።

ቬልማ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ሃርላን በሚያዝያ ሞቶባታል። አርባ ዓመት ሙሉ ቤታቸውን እየጎተቱ አገሩን ያዳረሱ ሰዎች ናቸው። ቤቱን ይጎትቱበት የነበረው ፒካፕ እዚያው ደጃፏ ላይ እንደቆመ ነው፤ ጎማው እንኳ ተንፍሷል።

ልጇ ሻርሊን ከከተማ ደወለችልኝ። “ዶቲ፣ እናቴ እንደገና በብርድ ስትሠቃይ ከሰማሁ መጥቼ መጦሪያ ነው የማስገባት” አለችኝ። ቬልማ ደግሞ መጦሪያ ከምገባ ወንዙ ይውሰደኝ ባይ ናት።

በዚህ መሃል ነው ማሞቂያዋ አልነድ ያለው።

ጠዋት ጠዋት ቤቱ በረዶ ነው። ትደውልልኛለች፤ እኔ ደግሞ የሰፈሩን ጥገና የሚሠራውን ዱዌንን እጠራለሁ። ረፋዱ ላይ ይመጣና ማሞቂያውን አጥፍቶ መልሶ ሲያበራው ቦግ ይላል።

“ምንም የለበትም እኮ” ይላታል።

“እንግዲህ እኔን ሲያይ ነው የሚያኮርፈው” ትላለች ቬልማ።

መጀመሪያ ቀን ከጭስ መውጫው ተርብ የሠራውን ጭቃ ፍቆ አወጣ። በማግስቱ እሳት የሚጭረውን ዕቃ ለወጠ። በሦስተኛው ቀን ራሱን እያከከ ወደኔ መጣ።

“ዶቲ፣ ይሄ ዕቃ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ጋዝ ካጣ ዝም ይላል። አጥፍተው ካላበሩት አይነሳም። ሲሊንደሮቹ ደግሞ ሙሉ ናቸው።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ጋዙን ሌሊት ዘግቶ መልሶ የሚከፍት ሰው አለ።”

በኛ ሰፈር የሰው ጋዝ አይነካም። ጉዞ ሲነሱ የሚዘጉት ባለቤቶቹ ናቸው። አንዱ ቤቱን ከመኪናው ያጣምራል፣ አንዱ ጋዝ ይዘጋል፤ ሁሉም የየራሱን ሥራ ያውቃል። ባዕድ እጁን ከሰደደበት በር እንደ መስበር ነው።

እኔ ወዲያው ያሰብኩት ኦርቪልን ነው። ጎረቤቷ ነው። የሷ ቦታ ወንዙን ስለሚያሳይ ለኔ ስጪኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ለምኖኛል። ከሃርላን ጋር በጄኔሬተር ጩኸት ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ነው ሃርላን የሞተው። ሰላምታው ራሱ ግልምጫ ነው። ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ከደጅ ነው የሚመለሰው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከዱዌን ጋር ሄድን። መኪናው ሁሉ አመዳይ ለብሷል፤ የሃርላን ፒካፕ አንድ የጎን መስኮት ብቻ ጠርቷል። ኦርቪል ፔርሙዝ በብብቱ ይዞ፣ ሁለት ኩባያ በጣቱ አንጠልጥሎ፣ ሲሊንደሮቹ ላይ አጎንብሷል። እጁ መዝጊያው ላይ ነው። ቬልማ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ነጠላ ጫማዋ በውርጭ ርሶ በሯ ላይ ቆማለች።

“ያዝንህ” አለ ዱዌን።

“ያዛችሁኝ።”

“አሮጊት በብርድ ልትገድል? ትንሽ አታፍርም?”

ኦርቪል ወደኔ ዞረና “ለሻርሊን ብቻ አትደውሉ” አለ።

“ምን ተፈጠረ?” አለች ቬልማ።

“ምንም። ግቢ አንቺ፣ ውጭው ይበርዳል” አላት።

ዕቃውን እንዲሰበስብ እስከ ቀትር ጊዜ ሰጠሁት። ብቻውን አጣምሮ፣ ጋዙን ራሱ ዘግቶ ወጣ። የሰፈሩ መውጫ ላይ ሲደርስ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገና “ዶቲ፣ ከነገ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ተነሺ” አለኝ። ዛቻ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ እፎይ ብዬ ተኛሁ። ብርዱ ግን የዓመቱ ክፉ ብርድ ነበር። ጠዋት ስልክ አልተደወለልኝም፤ ማሞቂያው ነደደ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከዱዌን ጋር ብቅ ብንል ማሞቂያው ዝም ብሏል። ሲሊንደሮቹ ተዘግተዋል።

“ተመልሶ መጥቷል ይሄ እርጉም” አለ ዱዌን።

ገባን። አልጋው ተነጥፏል፤ ሰው የለም።

ስወጣ ፒካፑን አየሁት። ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ቬልማ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ቀበቶዋን አስራ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

“ጋዙን ዘግቻለሁ” አለችኝ። “ሃርላን አጣምሮ እስኪጨርስ እየጠበቅኩት ነው። ኦርቪል ግን ምን ነካው? ዛሬ እንደ ወትሮው ቡናዬን ይዞ አልመጣም፤ ወደ ቤትም አልመለሰኝም።”

ለካ ጎህ ሲቀድ እሷ የዘጋችውን እሱ ነበር የሚከፍተው። እኔም ስልኬን አነሳሁና ኦርቪልን ተመለስልን ልለው… አቤት? መጣሁ እባክሽ፣ መጣሁ። ኮሪን፣ እዚህ ጋ አቁሚው።