ስልሳ ሰባተኛዋ ዓይን

የሉልሰገድ ሕይወት የተበላሸው ሰኔ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያ ቀን ለሁለተኛ ዲግሪው የሠራውን ጥናት መምህራኑ ፊት አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ማጣሪያ መብራቱ ላይ ይደረጋል፤ ሌላው ደግሞ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ካሜራው ላይ። ያኔ እርጥብ ዓይን ላይ የሚያብለጨልጨው ነጸብራቅ ይጠፋል፤ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ጥለት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ማሽኑም ሰውን ከሰው አያምታታም።

እውነትም አላምታታም። ከመቶ ሃያ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰዎች መሃል የአርባ አንደኛዋና የስልሳ ሰባተኛዋ ዓይን የአንድ ሰው ነው አለ።

«አንድ ዓይን በሁለት ስም አስገብተህ ቁጥር ሞልተሃል» አሉት መምህራኑ። ተባረረ።

አርባ አንደኛዋ እናቱ ወይዘሮ ሙሉነሽ ናቸው፤ እሱ ራሱ ነው ያነሳቸው። ስልሳ ሰባተኛዋ ጎረቤታቸው እትዬ ከዲጃ። የእሳቸው ተራ በደረሰበት ቅዳሜ ሉልሰገድን ትኩሳት ጥሎት ስለነበር ካሜራውን የያዘው የክፍል ጓደኛው ማቲዎስ ነው። ማቲዎስ የእነሉልሰገድን ደጅ ረግጦ፣ እናቱንም አይቶ አያውቅም። እትዬ ከዲጃ እንዳይጠየቁ፣ በዚያው ሰሞን ወሎ ለቅሶ ሄደው እዚያው ቀሩ።

ማቲዎስ ተመረቀ። ሉልሰገድ ፒያሳ መነጽር ቤት ተቀጥሮ የሰው መስታወት ይሞርዳል። ለእናቱ «ጓደኛዬ በደለኝ» ብቻ አላቸው፤ በምን እንደሆነ መናገር አሳፈረው። በየዓመቱ ሰኔ 13 ለማቲዎስ ይደውላል። ስልኩ አይነሳም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ 13 እናቱን ለመታወቂያ ምዝገባ ቸርችል ጎዳና ወዳለ ቢሮ ወሰዳቸው።

«ጎረቤቴ ናዝራዊት ልጇ አሞባት ቀረች» አሏት ወይዘሮ ሙሉነሽ መዝጋቢዋን ማክዳን። «የሷንም በዚያው በኔ ብታነሺላት ምናለበት?»

«እማማ ደሞ! ዓይን በውክልና የት አገር ነው?»

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። ሉልሰገድ አልሳቀም፤ ማሽኑን እያየ ነበር። መብራቱ ላይ ጠቆር ያለ ስስ ማጣሪያ አለ። ካሜራው ላይ ሌላ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ነጸብራቅ ያጠፋል አሉን። አዲስ ነው» አለች ማክዳ። «እማማ፣ አገጭዎን እዚህ ያሳርፉ።»

እናደዳለሁ ብሎ ጠበቀ። ምንም አልተሰማውም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ።

«ሥራዬን ሸጥከው አይደል? ይሁን» አለ ሉልሰገድ። «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄሃለሁ። ያን ቅዳሜ በእትዬ ከዲጃ ቦታ የእናቴን ዓይን ለምን ደግመህ አስገባህ?»

«ያኔም ነግሬሃለሁ፣ ሉሌ። ስማቸውን ጠየቅኩ፣ ከዲጃ አሉኝ፣ አነሳኋቸው። ሸጥከው ስለምትለው ደግሞ ምንም አላውቅም።»

«ውሸታም! መልስልኝ!»

ወይዘሮ ሙሉነሽ አገጫቸውን ከማሽኑ ሳያነሱ ጣልቃ ገቡ።

«የከዲጃን ነው የምትለው? እሷ ለቅሶ ብትሄድ እኔ አይደለሁ እንዴ የተቀመጥኩላት! አንተ ታመህ ተኝተህ፣ ሰው እንዳይጎድልብህ ብዬ።»

«ሰማሁ እኮ፣ ሉሌ» አለ ማቲዎስ በስልኩ ውስጥ። «አሁን አንተ መልስልኝ፤ ውሸታሙ ማነው?»